ድምፃችሁ ስንት ያወጣል? የምርጫ ክልላችሁን በካልኩሌተር መፈተሽ

ስለ ፓርላማ ሲወራ ሁላችንም ማን አሸነፈ የሚለው ላይ ነው የምንረባረበው። ተወካይ የምትመርጡበት የምርጫ ክልል ራሱ እንዴት ተቆረሰ? እሱን ዞር ብሎ የሚያየው ጥቂት ሰው ነው። ለማጣራት ግን ስልካችሁ ላይ ያለው ካልኩሌተር ይበቃል።

መጀመሪያ የምርጫ ክልላችሁን ለዩ። ከአስተዳደር ወሰን ጋር አታምታቱት። አንድ ወረዳ ለሁለት ተከፍሎ፣ ወይም ሁለት ወረዳ ተዳብሎ አንድ ተወካይ ሊልክ ይችላል። የምርጫ አስፈጻሚውን ካርታ እዩ።

ከዚያ የአገሩን ጠቅላላ ቁጥር ለመቀመጫው ብዛት አካፍሉት። 5 ሚሊዮን ሰውና 100 መቀመጫ ካለ ለአንድ መቀመጫ 50 ሺህ ይደርሳል። ይህን ደግሞ ለእናንተ ክልል ቁጥር አካፍሉት። የእናንተ 80 ሺህ ከሆነ 0.625 ይመጣል። ድምፃችሁ ከአማካዩ ሁለት ሦስተኛ እንኳን አይሞላም ማለት ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሚቆጠረው ማን ነው? አሜሪካ መቀመጫ ስታከፋፍል ሕፃኑንም ጨምሮ ነዋሪውን በሙሉ ትቆጥራለች፣ ብሪታኒያ ግን የተመዘገበ መራጭ ብቻ። ልጅ የበዛበት አካባቢ በአንዱ ስሌት ይገዝፋል፣ በሌላው ይኮሰምናል። የሕዝብ ብዛትን ከመራጭ ብዛት ጋር ካደባለቃችሁ ውጤቱ ለምንም አይሆንም።

ልዩነት ስላገኛችሁ ብቻ ደግሞ ተጭበረበረ አትበሉ። የብሪታኒያ የ2023 (እ.ኤ.አ.) የምርጫ ክልሎች ክለሳ ከ650ዎቹ ክልሎች አብዛኞቹን ከ69,724 እስከ 77,062 መራጭ ውስጥ አስገብቷቸዋል፤ ለጥቂት ደሴቶች ግን ሕጉ ራሱ ስለፈቀደላቸው የስኮትላንድ ምዕራባዊ ደሴቶች 21 ሺህ ገደማ መራጭ ይዘው የራሳቸውን ተወካይ ይልካሉ። አሜሪካ ውስጥም ለእያንዳንዱ ግዛት በተወካዮች ምክር ቤት ቢያንስ አንድ መቀመጫ ስለሚሰጥ፣ 577 ሺህ ገደማ ሰው ያላት ዋዮሚንግና 990 ሺህ ገደማ ያላት ዴላዌር እኩል አንድ አንድ አላቸው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 ደግሞ ከ550 ከማይበልጡት የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች ቢያንስ 20ውን ለአናሳ ብሔረሰቦች ይሰጣል። እንዲህ ያለው ልዩ ሁኔታ አይጥማችሁ ይሆናል፣ ግን ሕግ ላይ የተጻፈ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ያረጀ ካርታ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ኦልድ ሳረም የሚባል፣ ነዋሪ የሌለው ለማለት የሚቻል ቦታ እስከ 1832 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ሁለት የፓርላማ አባላት ይልክ ነበር! ስለዚህ ካርታው በየትኛው ዓመት ቆጠራ እንደተሠራ ሳታዩ አትለፉ።

የክልሉ ቅርፅ ጠማማ ስለሆነ ብቻ ብዙ አትጨነቁ። ወንዝና ተራራም ካርታን ያጣምማሉ። ይልቅ የጎረቤት ክልሎችን ውጤት ጎን ለጎን አስቀምጡ። አንድ ፓርቲ እናንተ ጋ 85 በመቶ አምጥቶ ዙሪያውን ሁሉ ለጥቂት ከተሸነፈ፣ ደጋፊዎቹ አንድ ቦታ ታጭቀው ሊሆን ይችላል። ሰዉ በራሱ ተሰባስቦ ሰፍሮም ሊሆን ይችላልና የቀድሞውን ካርታ ሳታዩ አትፍረዱ።

አዲስ ረቂቅ ካርታ ለአስተያየት ሲወጣ ስሌታችሁን ይዛችሁ ቅረቡ። የቁጥሩን ዓመት ጻፉ፣ የትኛው አካባቢ ወደየት ይዙር እንደምትሉም ጠቁሙ። ግን ከማስገባታችሁ በፊት ያ አካባቢ ሲጨመርበት ጎረቤት ክልል ስንት እንደሚሆን አስሉት፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።