ለኮምፒዩተርዎ የሚስማማ የቪዲዮ ማጫወቻ እንዴት ይመረጣል?

የቪዲዮ ማጫወቻ ሶፍትዌር ለመምረጥ የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው «ምርጥ አሥር ማጫወቻዎች» ከሚሉ ዝርዝሮች ነው። ዝርዝሮቹ ግን የእርስዎን ኮምፒዩተርም ሆነ በፍላሽና በሃርድ ዲስክ ያጠራቀሟቸውን ፋይሎች አያውቋቸውም። እዚህ የሚቀርበው መንገድ የተገላቢጦሽ ነው፤ መጀመሪያ አስቸጋሪ ፋይሎችዎን ይለያሉ፣ ቀጥሎ የኮምፒዩተሩን አቅም ይመለከታሉ፣ ማጫወቻውን የሚመርጡት ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ ቅደም ተከተል ከሄዱ ምርጫው ወደ ሁለት ወይም ሦስት ሶፍትዌሮች ይጠብባል፤ እነሱም ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው።

1. መፈተኛ የሚሆኑ ፋይሎችን ይሰብስቡ

በአንድ ፎልደር ውስጥ አራት አምስት ፋይሎች ያስቀምጡ። አንዱ በስልክ የተቀረጸ ይሁን፤ ሌላው የግርጌ ጽሑፍና ከአንድ በላይ የድምፅ ቋንቋ ያለው ፊልም ይሁን፤ ከዚህ ቀደም ድምፁ ብቻ ተሰምቶ ምስሉ የጠፋ ወይም ጭራሹን አልከፈት ያለ ፋይል ካለዎት እሱን በተለይ አይርሱት። ተራ ኤምፒ4 ፋይል የማይከፍት ማጫወቻ የለም ማለት ስለሚቻል፣ በቀላል ፋይል መሞከር ስለ ማጫወቻው ምንም አይነግርም።

አንዳንድ ፋይል ለምን እንደሚያስቸግር ለመረዳት ፎርማትና ኮዴክ የሚባሉትን መለየት ያስፈልጋል። በፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ የምናያቸው ኤምፒ4፣ ኤምኬቪ፣ ኤቪአይ የሚሉት መጠሪያዎች የሚናገሩት ስለ መያዣው ነው፤ የተሰፋ ጆንያ አይቶ ውስጡ ጤፍ ይሁን ገብስ ማወቅ እንደማይቻል ሁሉ፣ ምስሉ በምን ዘዴ እንደታመቀ ከመጠሪያው አይታወቅም። ያ የማመቂያ ዘዴ ነው ኮዴክ የሚባለው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ኤች.264 ዛሬ በየትኛውም መሣሪያ ላይ ይከፈታል ለማለት ያስደፍራል። በ2013 የተከተለው ኤች.265፣ በሌላ ስሙ ኤችኢቪሲ፣ ተቀራራቢ ጥራት ያለውን ምስል በግማሽ ያህል መጠን ለማስቀመጥ የታሰበ ሲሆን፣ ከ2017 ወዲህ አይፎኖች ተጠቃሚው ካልቀየረው በስተቀር ቪዲዮ የሚቀርጹት በዚሁ ነው። ከውጭ ዘመድ የላከው የሠርግ ወይም የክርስትና ቪዲዮ ስልክ ላይ በትክክል እየታየ ላፕቶፕ ላይ ድምፁ ብቻ የሚሰማበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በ2018 ይፋ የሆነው ኤቪ1 የበለጠ ያምቃል፤ ለማጫወት የሚጠይቀው አቅም ግን ከፍ ያለ ነው።

የቆዩ የኢትዮጵያ ፊልሞችንና የሙዚቃ ክሊፖችን በቪሲዲ ገዝተው ያስቀመጡ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ፋይል ወደ ፎልደሩ ያስገቡ። ቪሲዲውን ሲከፍቱ «ኤምፔግኤቪ» በሚል ፎልደር ውስጥ መጨረሻው «ዳት» የሆነ ትልቅ ፋይል ያገኛሉ፤ ፊልሙ ያለው እሱ ውስጥ ነው። ብዙዎች ኮምፒዩተሩ ስላላወቀው ብቻ የተበላሸ ይመስላቸዋል፤ ይሁን እንጂ ውስጡ ያለው የቆየው ኤምፔግ-1 ስለሆነ ጥሩ ማጫወቻ ያለ ችግር ይከፍተዋል። የምስሉ ስፋት ፓል በተባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት በተሠራ ቪሲዲ 352 በ288 ነጥብ ብቻ በመሆኑ በሙሉ ስክሪን ሲታይ ይደበዝዛል፤ ይህ ግን የማጫወቻው ጥፋት አይደለም፣ በዲስኩ ላይ ያልተቀረጸን ዝርዝር የሚያመጣ ሶፍትዌርም የለም።

2. የኮምፒዩተሩን አቅም ይወቁ

ቪዲዮ እየተቆራረጠ ሲሄድ ሰው መጀመሪያ የሚወቅሰው ማጫወቻውን ነው። ብዙ ጊዜ ወሳኙ ነገር ግን የታመቀውን ምስል የሚፈታው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። በግራፊክስ ቺፑ ውስጥ ለዚያ ኮዴክ ተብሎ የተሠራ ክፍል ካለ ሥራው በቀላሉ ይከናወናል፣ ባትሪም ይቆጠባል፤ ከሌለ ግን ሸክሙ በሙሉ በፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቅና ማራገቢያው መጮህ ይጀምራል።

በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ ልዩነቱን በትውልድ መለየት ይቻላል። በ2015 የወጣው ስድስተኛው ትውልድ የተለመደውን ባለ 8 ቢት ኤችኢቪሲ (ቢቱ የሚያመለክተው የቀለሙን ዝርዝር መጠን ነው) በሃርድዌር ይፈታል፤ ባለ 10 ቢቱን በሙሉ አቅም የጀመረው ሰባተኛው ትውልድ ነው፤ ኤቪ1ን ደግሞ በ2020 የወጣው አሥራ አንደኛው ትውልድ ጀምሮታል። ትውልዱ ከፕሮሰሰሩ ስም ይታወቃል፦ «አይ5-6200» ከሆነ ስድስተኛ ነው፣ «አይ5-1135» ከሆነ አሥራ አንደኛ ነው። ስሙን በዊንዶውስ ሴቲንግስ ውስጥ ሲስተም የሚለውን፣ ቀጥሎም አባውት የሚለውን ከፍተው ያገኙታል። ኮምፒዩተርዎ ከስድስተኛው ትውልድ በታች ከሆነ ቀላል ማጫወቻ መምረጥ ይጠቅምዎታል፤ ፋይል የሚያወርዱ ወይም ከሰው የሚቀበሉ ከሆነም በኤች.264 የታመቀውን ይምረጡ።

3. አስቀድሞ ያለውን ይሞክሩ

ከሲስተሙ ጋር የመጣው ማጫወቻ ፋይሎችዎን ሁሉ ከከፈተ ሌላ መጫን አያስፈልግዎትም። በዊንዶውስ 11 ላይ ያለው ሚዲያ ፕሌየር ለዕለት ተዕለት ሥራ የሚያንስ አይደለም። ጉድለቱ ኤችኢቪሲ ላይ ይታያል፤ የኮምፒዩተሩ አምራች አስቀድሞ ካላካተተው በስተቀር ማይክሮሶፍት ማሟያውን በራሱ መደብር በ99 የአሜሪካ ሳንቲም ይሸጠዋል። ዋጋው ትንሽ ነው፤ አዲስ አበባ ላለ ተጠቃሚ የሚከብደው በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ማግኘቱ ነው። ዲቪዲ ማጫወትም ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ከሲስተሙ ወጥቷል። በማክ ላይ ያለው ኩዊክታይም ኤችኢቪሲን ያለ ችግር ይከፍታል፣ ኤምኬቪን ግን አይቀበልም። የዊንዶውሱን ኩዊክታይም አፕል በ2016 መደገፍ ስላቆመና በጊዜው የደህንነት ክፍተት ስለተገኘበት፣ በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ካገኙት ያጥፉት።

4. ከእጩዎቹ መካከል ይምረጡ

ለአብዛኛው ሰው የመጀመሪያው ምርጫ ቪኤልሲ ነው ብዬ ለመጻፍ አላመነታም። በብርቱካናማ የመንገድ ምልክት የሚታወቀው ይህ ሶፍትዌር በ1996 በፈረንሳይ የምህንድስና ትምህርት ቤት በኤኮል ሳንትራል ፓሪ የተማሪዎች ፕሮጀክት ሆኖ ተጀመረ፤ በ2001 ማንም ኮዱን አይቶ እንዲያሻሽል በሚፈቅድ የክፍት ምንጭ ፈቃድ ለሕዝብ ተለቀቀ፤ አሁን ቪዲዮላን የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ይመራዋል። ዋና ብልጫው ኮዴኮቹን በውስጡ ይዞ መምጣቱ ነው። አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ ሌላ ማሟያ ከኢንተርኔት አይጠይቅም፤ የመጫኛው ፋይል 40 ሜጋባይት ገደማ በመሆኑም በፍላሽ ይዞ መዞር ይቻላል። ማስታወቂያ የለውም። በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ላይ ይሠራል፤ ቪሲዲውንም፣ ዲቪዲውንም፣ የአይፎኑንም ቪዲዮ ይከፍታል። ገጽታው አያምርም፣ የማስተካከያ ሜኑዎቹም የተጨናነቁ ናቸው፤ እነዚህን ግን በቀላሉ ይለምዷቸዋል።

ኮምፒዩተርዎ አቅመ ደካማ ከሆነና ዊንዶውስ የሚጠቀሙ ከሆነ ኤምፒሲ-ኤችሲን ከጎኑ ይሞክሩ። በፍጥነት ይከፈታል፣ ሜሞሪ አያባክንም። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ የመጀመሪያዎቹ አዘጋጆች የመጨረሻውን እትም ያወጡት በ2017 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ሥራውን የሶፍትዌር ኮድ በሚጋራበት በጊትሃብ ድረ ገጽ ላይ የቀጠለው ሌላ አልሚ ነው፤ ስለዚህ አሮጌውን ሳይሆን እየታደሰ ያለውን ይፈልጉ።

ኤምፒቪ ደግሞ ለሌላ ዓይነት ሰው ነው። ሜኑ የሚባል ነገር የለውም ማለት ይቻላል፤ ማስተካከያው የሚጻፈው በጽሑፍ ፋይል ውስጥ ነው፣ ሌላው ሁሉ በኪቦርድ ይሠራል። ይህን የማይፈራ ተጠቃሚ በምስል ጥራት ረገድ የሚያህለው አያገኝም። የማክ ተጠቃሚዎች በዚሁ በኤምፒቪ ላይ የተገነባውንና መልኩ የተዋበውን አይና የተባለ ማጫወቻ ቢመለከቱ ይወዱታል።

ፖትፕሌየርና ሌሎችም አሉ፤ ፖትፕሌየር ብዙ ችሎታ ያለው ሲሆን ምንጩ ዝግ ነው፣ የሚሠራውም በዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው። የገጽታ ቀለምና የድምፅ ማሳመሪያ ብዛት ማጫወቻን ለመምረጥ ምክንያት አይሆኑም።

5. ከትክክለኛው ቦታ ያውርዱ

ቪኤልሲን ከቪዲዮላን ዶት ኦርግ ያውርዱ። በፍለጋ ውጤት አናት ላይ «ማስታወቂያ» የሚል ምልክት ያለበትን አገናኝ አይጫኑ፤ ተመሳሳይ ስምና ምልክት ለብሰው ተጨማሪ ሶፍትዌር የሚያስገቡ ገጾች የሚጠብቁት እዚያ ነው። ቪኤልሲን ለማውረድ ገንዘብ የሚጠይቅ ገጽ ካጋጠመዎት ይዝጉት። አንድ ፊልም ሲከፈት «ኮዴክ ይጎድላል፣ ይህን አውርድ» ብሎ ወደ ሌላ ገጽ ቢመራዎት ፊልሙን ያጥፉት፤ ቪኤልሲ ያልከፈተውን ፋይል ከማይታወቅ ገጽ የመጣ ኮዴክ ይከፍተዋል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ በሚዞሩ ፋይሎች ላይ ደግሞ የስሙን መጨረሻ ይመልከቱ፤ «ኢኤክስኢ» ብሎ የሚያልቅ ፋይል ፕሮግራም እንጂ ፊልም አይደለም።

በቢሮ ኮምፒዩተር ላይ ሶፍትዌር ለመጫን ፈቃድ ከሌለዎት ከቪዲዮላን ገጽ በዚፕ የታሸገውን የቪኤልሲ እትም ይውሰዱ፤ ሳይጫን ከፎልደሩ ውስጥ በቀጥታ ይሠራል።

6. ይፈትኑት

አሁን የሰበሰቧቸውን ፋይሎች አንድ በአንድ ይክፈቱ። መከፈታቸው ብቻ በቂ አይደለም። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ ቁልፎችን በአንድነት ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱና ቪዲዮው እየሄደ ፕሮሰሰሩ ምን ያህል እንደሚሠራ ይዩ። ፕሮሰሰሩ መቶ በመቶ አካባቢ ከቆየ ምስሉ በሃርድዌር እየተፈታ አይደለም ማለት ነው። በቪኤልሲ ውስጥ ደግሞ ኮንትሮልና «ጄ»ን ሲጫኑ የኮዴኩ ስም ይታያል፤ ስታቲስቲክስ በሚለው ገጽ ላይ የጠፉ ፍሬሞች (ቪዲዮው የተሠራባቸው ነጠላ ምስሎች) ቁጥር እየጨመረ ከሄደ የመቆራረጡን ምክንያት አገኙት። ያንኑ ፋይል በኤምፒሲ-ኤችሲ ወይም በኤምፒቪ ከፍተው ያወዳድሩ፤ ልዩነት ካላዩ ችግሩ ያለው ኮምፒዩተሩ ላይ ነውና ማጫወቻ በመቀያየር አይድከሙ።

ቀጥሎ በመሃል ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይዝለሉ። ደካማ ማጫወቻ የሚጋለጠው እዚህ ላይ ነው፤ ምስሉ ይረጋል ወይም ድምፁ ይቀድማል። መብራት ሄዶ ወይም ኔትወርክ ተቋርጦ በግማሽ የቀረ ፋይልም ካለዎት ይሞክሩት። ኤምኬቪና ኤቪአይ እስከ ደረሱበት ድረስ ብዙ ጊዜ ይታያሉ፤ ብዙ ኤምፒ4 ፋይሎች ግን ማውጫቸው መጨረሻ ላይ ስለሚቀመጥ፣ ያ ክፍል ካልደረሰ በየትኛውም ማጫወቻ አይከፈቱም።

የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ለብቻው መፈተን አለበት። ጽሑፉ በ«ኤስአርቲ» ፋይል ከመጣ፣ ስሙን ከፊልሙ ስም ጋር አንድ አድርገው በዚያው ፎልደር ያስቀምጡት፤ ማጫወቻው በራሱ ያነሳዋል። በፊደላቱ ምትክ ባዶ አራት ማዕዘኖች ከታዩ የጎደለው ፎንት ነው። በቪኤልሲ የማስተካከያ መስኮት ውስጥ የግርጌ ጽሑፍን የሚመለከተውን ክፍል ከፍተው ፎንቱን ኒያላ፣ ኤብሪማ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያድርጉት። የተዘበራረቁ የላቲን ምልክቶች ከታዩ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ወይ የፋይሉ ኢንኮዲንግ (ፊደላቱ በኮምፒዩተር የሚመዘገቡበት ዘዴ) ዩቲኤፍ-8 ሆኖ ሳለ ማጫወቻው በሌላ እያነበበው ነው፣ ይህም በዚያው መስኮት ይስተካከላል፤ ወይም ጽሑፉ የተተየበው የዓለም ፊደላትን በአንድ ላይ ከያዘው የዩኒኮድ መለኪያ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች ነው፣ ያን ጊዜ ጽሑፉ ራሱ መቀየር አለበት። የጥያቄ ምልክት ብቻ ተደርድሮ ካዩ ደግሞ አንድ ሰው በአሮጌ ኖትፓድ ከፍቶ ዩቲኤፍ-8 ሳይመርጥ አስቀምጦታል፤ ፊደላቱ ጠፍተዋልና ሌላ ቅጂ መፈለግ ብቻ ነው የሚቀረው።

ጽሑፉ ከንግግሩ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ከመጣ፣ በዊንዶውስና በሊኑክስ ላይ ባለው ቪኤልሲ «ጂ» የሚለው ቁልፍ ያስቀድመዋል፣ «ኤች» ያዘገየዋል፤ በእያንዳንዱ ንክኪ የሚቀየረው 50 ሚሊ ሴኮንድ ነው።

7. ነባሪ ያድርጉት፣ ያድሱትም

ያሸነፈውን ማጫወቻ ነባሪ ለማድረግ ፋይሉን በቀኝ ጠቅ አድርገው ኦፕን ዊዝ የሚለውን ይምረጡና ሁልጊዜ በዚህ ይከፈት የሚለውን ያጽድቁ። ለኤምፒ4፣ ለኤምኬቪና ለኤቪአይ ለየብቻ መደረግ አለበት። ሁለተኛውን ማጫወቻ አያጥፉት፤ አንዱ የተሰናከለበትን ፋይል ሌላው የሚከፍትበት ጊዜ አለ። ከሁለት በላይ መጫን ግን ለማደስ ብቻ ያስቸግራል።

ማደሱም የግድ ነው፤ የቪዲዮ ፋይል ሆን ተብሎ ከተበላሸ በማጫወቻው ክፍተት በኩል ኮምፒዩተሩን ሊጎዳ ይችላል። በ2019 የአውሮፓ ኮሚሽን ገንዘብ በደገፈው የስህተት ፍለጋ ምክንያት ቪኤልሲ በ3.0.7 እትሙ ከ30 በላይ የደህንነት ክፍተቶችን በአንድ ጊዜ ደፍኗል። ኢንተርኔት በየዕለቱ የማያገኙ ከሆነ አዲሱን መጫኛ ባገኙ ጊዜ አውርደው በፍላሽ ያስቀምጡትና በአሮጌው ላይ ይጫኑት፤ ማስተካከያዎችዎ እንደነበሩ ይቆያሉ።