ፖሊሽ ከማስደረጋችሁ በፊት ቀለሙን በፌስታል ፈትሹት

መኪናው ታጥቦ ሲደርቅ እጃችሁን ስስ ፌስታል ውስጥ አስገቡና ኮፈኑን ቀስ ብላችሁ ዳብሱት። በባዶ እጅ ለስላሳ የነበረው ቀለም በፌስታሉ ሲዳበስ ብዙ ጊዜ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። ይሄ ሻምፑ የማያስለቅቀው ቆሻሻ ነው፤ ከፍሬን የሚበን የብረት ብናኝ፣ የሬንጅ ፍንጣቂ፣ የዛፍ ሙጫ። እሱ ሳይነሳ ፖሊሽ ማድረግ ቆሻሻውን ቀለሙ ላይ መፈግፈግ ነው።

መፍትሄው ክሌይ ባር ነው፤ እንደ ሊጥ የሚታሽ ነገር ነው። መኪናውን ጥላ ውስጥ አቁሙ። ቀለሙን በሻምፑ ውሃ በደንብ እያረጠባችሁ ክሌዩን ሳትጫኑ ወዲያ ወዲህ አንሸራትቱት። መጀመሪያ ያዝ ያዝ ያደርገዋል፣ ድምፅም ይሰማል። ሲጸዳ ድምፁ ይጠፋል፣ እጃችሁም ሙልጭ ብሎ ይሄዳል። ክሌዩ ሲጠቁር አጥፋችሁ እሹትና ንጹሁን ገጽ አውጡ።

መሬት ከወደቀ ግን፣ እባካችሁ፣ ጣሉት። ዋጋው ያሳሳል፤ ግን ክሌዩ የያዛት አንዲት የአሸዋ ቅንጣት በሩን ሙሉ ትጭረዋለች።

ከጣራ ጀምሩ፣ የበሮቹን ታች መጨረሻ ላይ ስሩ። ክሌይ የድሮውን ሰምም ስለሚያነሳ ቀለሙ ያለ መከላከያ እንዳያድር ፖሊሹንና ሰሙን በዚያው ቀን ጨርሱ።