ያገለገለ መኪና ሞተር ምን ያህል እንደሠራ እንዴት ይታወቃል?

መኪናውን ለማየት ሲቀጣጠሩ ሻጩን አጥብቀው የሚጠይቁት አንድ ነገር ይኑር፦ ሞተሩ ከማታ ጀምሮ ሳይነሳ ይጠብቅ። የደከመ ሞተር ምስጢሩን የሚያወጣው ቀዝቅዞ አድሮ ሲነሳ ነው። ሲደርሱ ኮፈኑን አስከፍተው የራዲያተሩን የላይኛውን ጎማ ቱቦ በእጅዎ ይዳስሱ። ለብ ካለ አስቀድሞ ተነስቷል፤ ሌላ ቀን ይቅጠሩ።

ቁልፍ ከመዞሩ በፊት የዘይት መለኪያውን ዘንግ ይምዘዙ። ዘይት መጥቆሩ ብቻውን አያስፈራም፤ በናፍጣ ሞተር ላይ ከተቀየረ በጥቂት ቀን ይጠቁራል። ከታችኛው ምልክት በታች መውረዱ ግን ያሳስባል፤ ወይ ያፈሳል ወይ ያቃጥላል። አዲስ ሆኖ እንደ ማር የሚጎተት ወፍራም ዘይትም ያጠራጥራል፤ ምክንያቱም የብሮንዚን (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ስስ የብረት ማቀፊያ) ድምፅንና ጭስን ለጊዜው ያፍናል። የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው በእጅ ባትሪ ወደ ውስጥ ይመልከቱ። ብረቱ ነጣ ወይም ቀላ ካለ ደህና ነው። ጥቁር ዝቃጭ ከለበሰ ግን ዘይቱ በጊዜው ሲቀየር አልኖረም፤ ቆጣሪው 60,000 ኪሎሜትር ቢልም እንኳ ይህ ሞተር ተጎድቷል። ክዳኑ ላይ ብቻ ያለ ስስ ወተት መሳይ አረፋ የአጭር ጉዞ እርጥበት ሊሆን ይችላል፤ ዘንጉም ላይ ከታየ ውሃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሏል።

አሁን ሌላ ሰው ያስነሳው፣ እርስዎ ከጭስ ማውጫው ጎን ይቁሙ። ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ቡልቅ ብሎ ከጠፋ የቫልቭ ጎሚኒዎች (ዘይት በቫልቭ በኩል እንዳይገባ የሚያግዱ ጎማዎች) ደርቀዋል፤ ይህ ሊጠገን የሚችል ነው። ነዳጅ ሲሰጠው ሳያቋርጥ ሰማያዊ የሚያጨስ ከሆነ ግን የፒስተን ፋሻ (ፒስተኑን ከሲሊንደሩ ጋር የሚያሽግ ቀለበት) አልቋል፣ ያ ማለት ሞተር ማውረድ ነው። ጣፈጥ ያለ ሽታ ያለው፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ወፍራም ነጭ ጭስ የራዲያተር ውሃ እየተቃጠለ መሆኑን ያሳያል። በዚህ መካከል ጆሮዎን ይስጡ፤ ከታች በኩል የሚመጣ ጠለቅ ያለ ማንኳኳት ከብሮንዚን ነው፣ ለድርድርም አይቅረቡ።

ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ቆሞ ሲሠራ) ላይ እያለ የዘይት ክዳኑን ፈትተው በቦታው ላይ ያስቀምጡት። ክዳኑ ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ያለ ነው። እየዘለለ ከወደቀ ወይም ጭስ በግፊት ከወጣ የሚቃጠለው ጋዝ በፋሻው አልፎ ወደ ታች እየወረደ ነው።

ለቤንዚን ሞተር ቁርጡን የሚነግርዎ የኮምፕሬሽን መለኪያ (የሲሊንደሩን የመጭመቅ ግፊት የሚለካ መሣሪያ) ነው። ሞተሩ ይሙቅ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ይፈቱ፣ የነዳጅና የእሳት መስመሩ ይቆረጥ፣ ነዳጅ መርገጫው እስከ መጨረሻው ይረገጥ፤ ከዚያ ሞተሪኖው (ሞተር አስነሺው) እያንዳንዱን ሲሊንደር ከ4 እስከ 6 ጊዜ ያህል ያስጨምቀው። ባትሪው ደካማ ከሆነ ቁጥሩ ያሳስታል። በጤነኛ የቤንዚን ሞተር ላይ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ባር ይገኛል፤ ከቁጥሩ ይልቅ ልዩነቱን ይመልከቱ። ሦስቱ 12 ባር ሲሉ አንዱ 9 ካለ ወደዚያ ሲሊንደር አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምረው ይድገሙ። ቁጥሩ ከፍ ካለ ጥፋቱ የፋሻ ነው፤ ካልተነቃነቀ ወይ ቫልቭ ወይ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሲሊንደሮቹና በላይኛው የሞተር ክዳን መካከል ያለው ማሸጊያ) ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ ጓርኒሲዮኑን ይጠርጥሩ።

የቆጣሪውን እውነት ደግሞ ከሌላው ዕቃ ጋር ያስተያዩት። የጎማው ጎን ላይ በአራት አሃዝ የተጻፈ ቁጥር አለ፤ 2322 ካለ በ2022 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። መኪናው የ2018 እ.ኤ.አ. ሥሪት ሆኖ ቆጣሪው 25,000 ካለ፣ አራቱም ጎማዎች በዚያ ርቀት ለምን ተቀየሩ? የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ተልጦ፣ የመሪው ቆዳ ተወልውሎ፣ የሹፌሩ ወንበር ጠርዝ ተሰባብሮ 40,000 የሚል ቆጣሪ አይታመንም። ያረጀ መቀመጫ አጠገብ አዲስ የፔዳል ጎማ ካዩም ያው ነው።

ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) ከተገኘ ሁለት ነገር ያንብቡ። የመጀመሪያው በኮምፒውተሩ የተመዘገቡ የብልሽት ኮዶች ከተሰረዙ በኋላ የተነዳው ርቀት ነው፤ 12 ኪሎሜትር ካለ በቅርቡ ሆን ተብሎ የጠፋ የማስጠንቀቂያ መብራት ሊኖር ይችላል። ሁለተኛው፣ መኪናው የሚመዘግብ ከሆነ፣ የሞተር ሰዓት ነው። 4,200 ሰዓት በአማካይ 40 ኪሎሜትር በሰዓት ሲባዛ 168,000 ኪሎሜትር ይሆናል። ቆጣሪው 80,000 ካለ አማካይ ፍጥነቱ 19 ብቻ ነበር ማለት ነው። ወይ የቆጣሪው ቁጥር ወደ ኋላ ተመልሷል፣ ወይ መኪናው ዕድሜውን በመንገድ መጨናነቅ ውስጥ በሚኒሞ ቆሞ ጨርሷል፤ በሁለቱም መንገድ ፋሻውና ብሮንዚኑ የሠሩት 4,200 ሰዓት ስለሆነ ዋጋውን በዚያ ልክ ይደራደሩ።