የሸጣችሁት ጊታር ጥግ ይዞ እንዳይቀር

የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ያላችሁ ሰዎች፣ ገበያችንን የሚያቀዘቅዘው ጎረቤት ሱቅ አይመስለኝም። ገዝቶ መጫወት ያቆመ ሰው ነው። እሱ ክር አይገዛም፣ የተሻለ መሣሪያ አያምረውም፣ ጓደኛውንም ይዞ አይመጣም።

ይህን የተረዳሁት በአንዲት ልጅ ነው። ጊታር በሸጥኩላት በ3ኛው ሳምንት ልትመልሰው መጣች። "ጣቴ አልቻለም፣ ለእኔ አይሆንም" አለችኝ። 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች 12ኛው) ላይ ስለካው ወፍራሙ ክር ከብረቱ 3.5 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሏል። ጣቷ ምንም አልሆነም። ከካርቶን አውጥቼ እንዳለ የሸጥኩላት እኔ ነኝ።

ቁጭ በይ አልኳት። መጀመሪያ የአንገቱን ቅስት አየሁ፣ ደህና ነው። ከዚያ ድልድዩ (ክሩ ገላው ላይ የሚታሰርበት እንጨት) ላይ ክሩ የሚያርፍባትን ነጭ ቁራጭ አውጥቼ ከሥሯ ሞረድኳት። እዚህ ጋ ልብ በሉ፦ 12ኛው ፍሬት ላይ 1 ሚሊ ሜትር ለማውረድ ከቁራጯ 2 ሚሊ ሜትር መቀነስ አለበት። በአንዴ አትሞርዱ፤ ትንሽ ሞርዳችሁ ለኩ፣ ደግሞ ሞርዱ። ወደ 2.5 ሲወርድ መልሼ ቃኘሁና ሰጠኋት። ያቃታትን ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) ያዘች፣ ጠራላት። ጊታሩን ይዛ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሳይስተካከል ከሱቄ የሚወጣ ጊታር የለም።

ሁለተኛው ነገር ክር ነው። ለገዢው የመጀመሪያውን ቅያሪ በነፃ አድርጉለት፣ ግን ራሱ እንዲቀይር እያሳያችሁት። ክር መቀየር የሚፈራ ሰው በዛገ ክር ወር ከወር ይጫወታል፣ ድምፁ ያስጠላዋል፣ ይተወዋል። የቀየረበትን ቀን በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ቦርሳው ውስጥ ክተቱ።

ለልጆች ቫዮሊን የምትሸጡ ከሆነ ደግሞ ያለ ኪራይ አትሞክሩት። ልጅ ያድጋል። የቫዮሊኑ መጠን ከ1/4 ወደ 1/2፣ ከዚያ ወደ 3/4 ይሄዳል። ወላጅ በየጊዜው አዲስ ግዛ ሲባል ይሰለቻል። አከራዩ፣ ወይም ትንሹን መልሳችሁ ተቀብላችሁ በጭማሪ ትልቁን ስጡ። የተመለሰው ተጠርጎ ለሌላ ልጅ ይሆናል።

"መንካት ክልክል ነው" የሚለውን ወረቀት አንሱት። መደገፊያ ክንድ የሌለው ወንበር አስቀምጡ፤ ክንድ ያለው ወንበር ጊታር አያስይዝም። ኪቦርዱ ላይ የጆሮ ማዳመጫ ሰኩበት። ጀማሪ ሰው ሲሳሳት ሰው እንዳይሰማው ይፈልጋል።

ጀማሪ ሲመጣ መጀመሪያ "ስንት ብር አለህ?" አትበሉት። ምን ዓይነት ዘፈን መጫወት እንደሚያምረው ጠይቁት። ናይለን ክር ይሁን ብረት፣ አኩስቲክ ይሁን ኤሌክትሪክ የሚለየው እዚያ ላይ ነው። መልሱን ከስልክ ቁጥሩ ጋር ደብተር ላይ ጻፉ፤ ከወር በኋላ ስትደውሉለት "ያ ዘፈን የት ደረሰ?" ብላችሁ ጀምሩ።