እንግሊዝኛ ማንበብና መጻፍ ስናስተምር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች (ለ5ኛ–8ኛ ክፍል መምህራን)

በአዲስ አበባ ብዙ ትምህርት ቤቶች ልጁ እስከ 6ኛ ክፍል በአማርኛ ተምሮ 7ኛ ሲገባ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። 5ኛና 6ኛ ላይ የእንግሊዝኛ ንባቡ ከተበላሸ ጉዳቱ በአንድ ትምህርት አያበቃም። ከታች ያሉት ስህተቶች ደግሞ ከስንፍና የሚመጡ አይደሉም፤ በትጉህ መምህራን ክፍልም ይበዛሉ።

ተራ በተራ ጮክ ብሎ ማስነበብን የንባብ ትምህርት ማድረግ

50 ልጅ ባለበት ክፍል ለእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ቢደርሰው የ40 ደቂቃው ፔሬድ አይበቃም። አንዱ ሲያነብ ሌላው ወይ የራሱን ተራ ቆጥሮ መስመሩን ይለማመዳል ወይ በመስኮት ያያል። ያነበበው ልጅ ራሱ ሐሳቡ አጠራሩ ላይ ስለነበረ «ስለ ምን ነበር?» ሲባል ይደናገራል። ይልቅስ መጽሐፉ ከመገለጡ በፊት አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ይጻፉ፤ ልጆቹ መልሱን እየፈለጉ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ በዝምታ ያንብቡ። ከዚያ ጎን ለጎን የተቀመጡት እየተቀባበሉ ያንብቡ፤ እርስዎ እየዞሩ የ5 ልጆችን ንባብ ይስሙ። በ10 ፔሬድ ክፍሉ በሙሉ ይዳረሳል።

ፊደል ቆጥሯልና ያነባል ብሎ ማሰብ

በአማርኛ «ለ» የትም ብትገባ «ለ» ናት። እንግሊዝኛ ግን በ26 ፊደላት ከ40 በላይ ድምፅ ያወጣል። «ናይፍ» የሚለውን ቃል «ክኒፌ» ብሎ ያነበበ ልጅ የለመደውን ሕግ ነው የተከተለው፤ ሊሳቅበት አይገባም። ቃሉን 20 ጊዜ ማስጻፍ አይፈውሰውም። የሚሻለው የሚመሳሰሉ ቃላትን አንድ ላይ ማሳየት ነው፦ «ላይት»፣ «ናይት»፣ «ራይት»፣ «ፋይት» አንዱን ካንዱ ሥር ይጻፉና የማይነበቡትን ጂ እና ኤች በባለቀለም ጠመኔ ያክብቡ። በቀን አንድ ዓይነት፣ 5 ደቂቃ። «እስኩል»፣ «እስቱደንት» የሚለውን አፍ ግን ለጊዜው ይተዉት፤ መረዳቱን አያደናቅፍም።

አዲስ ቃል ማብዛት

20 ቃል ከነትርጉሙ ቢገለበጥ ደብተር ላይ ያድራል እንጂ ጭንቅላት ውስጥ አይገባም። 6 ወይም 7 ይምረጡ፤ ከዓረፍተ ነገሩ ሊገመት የሚችለውን ልጆቹ ራሳቸው ይገምቱት።

መልሱ የሚገለበጥ ጥያቄ መጠየቅ

እስኪ «ዘ ፍሊብ ስሌፕት አንደር ዘ ግሮብ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ይጻፉ። ፍሊብም ግሮብም ምንም ትርጉም የላቸውም፤ ለዚሁ የተፈጠሩ ናቸው። «ዌር ዲድ ዘ ፍሊብ ስሊፕ?» ብለው ሲጠይቁ ግን ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አንደር ዘ ግሮብ!» ይላል። ደብተር ላይ ቢሆን ራይት ያገኝ ነበር። ምን ገባው? ምንም። ከምንባብ ሥር የሚወጡ ጥያቄዎች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፤ ልጁ የጥያቄውን ቃል ፓሴጁ ውስጥ ፈልጎ መስመሩን ይገለብጣል። ከ5 ጥያቄ ቢያንስ 2ቱ መልሳቸው ተጽፎ የማይገኝ ይሁኑ፦ ለምን እንዲህ አደረገች? ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስልሃል? እንግሊዝኛው ያጠረው ልጅ በአማርኛ ይመልስ፤ የሚፈለገው መግባቱን ማወቅ ነው። ርዕሰ መምህሩ በበር ሲያልፉ አማርኛ ቢሰሙ ደስ ላይላቸው ይችላል፣ ግን ያስረዷቸው።

ሳያዘጋጁ «ፓራግራፍ ጻፉ» ማለት

የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተና በምርጫ ስለሆነ ጽሕፈት ወደ ጎን ይገፋል። ሲታወስም «ስለ ዕረፍት ጊዜያችሁ ጻፉ» ተብሎ ለቤት ሥራ ይሰጣል፤ ታላቅ እህት ትጽፈዋለች። ክፍል ውስጥ፣ ልጁ አሳምሮ በሚያውቀው ነገር ያስጀምሩት። ለአራዳ ክፍለ ከተማ ልጆች ከአራት ኪሎ ፒያሳ በእግር መሄድን የመሰለ ርዕስ የለም፦ ከሚያዝያ 27 ሐውልት ተነስቶ፣ የራስ መኮንንን ድልድይ ተሻግሮ፣ ዳገቱን ወጥቶ። መንገዱን ስለሚያውቀው ሐሳብ ፍለጋ አይደክምም፤ የሚታገለው ከቋንቋው ጋር ብቻ ነው። መጀመሪያ ለጓደኛው በቃል ይንገር፣ 5 ደቂቃ። ቀጥሎ «ክሮስ»፣ «ተርን»፣ «ብሪጅ»ን የመሳሰሉ 8 ያህል ቃላት ሰሌዳ ላይ ይውጡ። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አብራችሁ ሥሩ። ቀሪዎቹን 5 ለብቻው ይጻፍ፣ 15 ደቂቃ።

ደብተሩን በቀይ እስክሪብቶ ማጥለቅለቅ

20 ቦታ የተሰመረበት ልጅ አንዱንም አያርምም። ለአንድ ጽሑፍ ሁለት ዓይነት ስህተት ብቻ ይምረጡ፤ ያውም ከአማርኛ የሚመጡትን ያስቀድሙ። በአማርኛ «ተነስቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ ሄደ» ስንል ጊዜውን የሚቆርጠው የመጨረሻው ግሥ ነው። ልጁ ይህንኑ ይዞ «ሂ ጌት አፕ፣ ዋሽ ሂዝ ፌስ፣ ኢት ብሬክፋስት ኤንድ ዌንት» ይጽፋል። ኃላፊ የሆነው «ዌንት» ብቻ ነው። እያንዳንዱን ግሥ ራሱ አስምሮበት «መቼ?» ብሎ እንዲጠይቅ ያድርጉ። ሁለተኛው ካፒታል ሌተር ነው፤ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ልጁ ለማየት አልለመደም፤ ከየነጥቡ በኋላ ያለችውን ፊደል በጣቱ እየነካ ይፈትሽ።

ለእርማት በማግስቱ ከፔሬዱ 10 ደቂቃ ይስጡ። ማርክ የሚሰጠው ከታረመው ጽሑፍ ላይ ይሁን፤ መጀመሪያውኑ ማርኩን ያየ ልጅ ያንን ገጽ ዳግም አይገልጠውም።