ኮራል ላለበት ገንዳ የመስኮት ፀሐይ
የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ኮራል የሚባለውን የባሕር እንስሳ የማኖርበት ገንዳዬ ያለው በምሥራቁ መስኮት በኩል ነው፤ የጠዋት ፀሐይ ለስለስ ትላለች። የደቡቡ መስኮት ያታልላል። ታኅሣሥና ጥር ላይ ፀሐይዋ ዝቅ ስለምትል ጨረሯ ሳሎን ድረስ ይዘልቃል።

ኮራሉን በአንዴ ለፀሐይ አታጋልጡት። በስስ መጋረጃ ጀምሩና በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ክፈቱ። ኮራሉ መንጣት ከጀመረ ዝጉ። የሚመግቡት ጥቃቅን አልጌዎች እየለቀቁት ነው ማለት ነው።

ዋናው ጣጣ ግን ሙቀቱ ነው። ውሃው ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን። ቴርሞሜትሩን ፀሐይ መስታወቱ ላይ እያለች እዩት፤ ማታ ማየት ምን ይረባል? ሙቀቱ ከጨመረ ቬንቲሌተር ወደ ውሃው ገጽ አዙሩ። ውሃ ይተናል፣ ጨው ግን ይቀራል፤ ስለዚህ የጎደለውን በተጣራ፣ ጨው በሌለው ውሃ ሙሉ። መስታወቱ አረንጓዴ መልበሱ አይቀርም። ለእሱ የባሕር ቀንድ አውጣ አለላችሁ።