ልጅዎን የሚያመላልሰውን ሚኒባስ እንዴት ይመርምሩ?

ጎንደር ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት ከተማ በመሆኗ፣ ልጅዎን ለተማሪ ሰርቪስ ከመስጠትዎ በፊት ከሁሉ አስቀድመው ፍሬኑንና ጎማውን ያስፈትሹ። የጎማው ጥርስ ጥልቀት ከ1.6 ሚሊሜትር ካነሰ እርጥብ አስፋልት ላይ በቀላሉ ስለሚንሸራተት እንዲለወጥ ይጠይቁ። ሹፌሩ ከፒያሳ ወደ አዘዞ ሲወርድ ማርሹን ዝቅ አድርጎ በሞተሩ ኃይል ፍጥነቱን መግታት ይኖርበታል፤ ፍሬን ላይ ብቻ ተደግፎ ከወረደ የፍሬን ሸራው ይግላል፣ የመያዝ አቅሙም ይደክማል፤ የተቃጠለ ነገር ከሸተተዎት ችላ አይበሉት። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ መቀመጫና ቀበቶ ይኑረው፤ ሕፃናትን ደራርቦ መጫን፣ ምንም ያህል የተለመደ ቢሆን፣ በፍጹም የማልቀበለው ነው። ረዳቱ ልጆቹን በእግረኛው መንገድ በኩል ያውርድ፤ በሩ ከመቆለፉ በፊትም እስከ ኋላ ወንበር ድረስ ሄዶ፣ ተኝቶ የቀረ ልጅ አለመኖሩን በዓይኑ ያረጋግጥ።